ቀዳዳ የሌላቸው ቢላዎች

ሳኦ ፓውሎ፣ መጋቢት 4 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩት ወንድሜ ለቶኩጂ ያማዳቴ፣

በመንደራችን በኦሳዋ በረዶው ገና ከጣሪያ እኩል እንደሚሆን አውቃለሁ። ትከሻዎ እንዴት ከረመ? ልጅዎ ኢሳኦስ እንዴት ነው? አዲሷ ሙሽራው ሚዮ የቀጥቃጭ ቤት ጭስ ለመደች? የተራራዋ እመቤት ደጃችሁን ትጠብቅ፤ ሠርታችሁ የምታርፉበት፣ በልታችሁ የምትጠግቡበት ዓመት ታድርግላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ ምግብ ቤቱን ብቻዬን ይዤ አለሁ።

አያትዎና አያቴ ወንድምና እህት በመሆናቸው ብቻ ይህን ያህል ማስቸገሬ ያሳፍረኛል። ግን የላኩልኝ የዓሣ ቢላ ነፍሴን አትርፏታል ብል አላጋነንኩም። ባለፈው ወር በጠራራ ፀሐይ ሁለት ወሮበሎች ገቡብኝ። አንደኛው ሽጉጡን አወጣና ገንዘቡን አምጪ አለኝ። እኔ ትልቅ ዓሣ እየበለትኩ ነበር። ሽጉጥ የያዘ እጁን በመክተፊያው ላይ አሳልፎ ወደ መሳቢያው ሲዘረጋ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፣ ቢላው ወረደ። ሽጉጡ ከሁለት ጣቶቹ ጋር ዓሣው አጠገብ ቀረ። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የመጡት ፖሊሶች ቢላውን እየተቀባበሉ አዩና፣ «እሜቴ፣ ይሄ የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ። ስለ ጣቶቹ የጠየቀኝ የለም።

ወሬው ቫልዲር ለሚባል ደንበኛዬ ደረሰ። የከብት ርቢ ባለቤት ነው፤ በየአገሩ የተሠራ ቢላ ይሰበስባል። የባለቤቴን የአደን ቢላ፣ እርስዎ የሠሩለትን፣ አውርጄ ባሳየው እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈው። ለራሱና ለጓደኞቹ አስራ ሁለት ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ አልወደደም፦ እጀታው ላይ ያለውን የምስማር ቀዳዳ። «ነቀዝ የበላው ይመስላል» አለ። ያለ ቀዳዳ ይሥሩልን ወንድሜ።

እጅ የምትነሳ እህትዎ ኪኑኤ

* * *

ኦሳዋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1973

ለኪኑኤ፣

ጤና ይስጥሽ፣ እሳትሽ አይጥፋ። በረዶው እየቀለጠ ነው። ትከሻዬ ያው ነው። ሚዮ ጭሱን ለምዳዋለች፤ መልመድ ያቃታት እኔን ነው።

በሌባው ጣት ደስ ብሎኛል። ግን የዓሣ ቢላ አጥንት ላይ አይወርድም ብዬሽ አልነበረም? ስለቱ ተሸርፎ ከሆነ ላኪውና አስተካክልልሻለሁ።

የእኛ ወሬ ደግ አይደለም። የአኩሪ አተር ቶፉ ሻጭዋን ቶሜን ታስታውሻታለሽ? የዛሬ ዘጠኝ ቀን ቅጠል ልትለቅም ከወንዙ ማዶ ወጣች፣ ማታ አልተመለሰችም። በነጋታው ኢሳኦና አዳኞቹ አገኟት። ጭንቅላቷ ላይ ቆዳ አልነበረም፤ ሆዷም ተበልቶ ነበር። ቅርጫቷ ግን አልተነካም፤ ቅጠሉ እንደታሰረ ነው። ያደረገው አንድ ጆሮ የሌለው ወንድ ድብ ነው። ኢሳኦ አንድ ጊዜ አየውና ሳይተኩስበት አመለጠው። እሱን ሳልገድል ጢሜን አልላጭም ብሏል፤ ጢም ያለው መስሎት።

አሁን ስለ ትዕዛዝሽ። አንቺ የዚህ መንደር ልጅ ሆነሽ ይህን ትጠይቂኛለሽ? የእኛ ቢላ እጀታው ውስጡን ክፍት የሆነው ለምንድነው? አዳኙ ጥይት ሲያልቅበት ዘንግ ቆርጦ እጀታው ውስጥ ይሰካል፣ በቀዳዳው ምስማር ይመታል፣ ቢላው ጦር ይሆናል። ምስማር ከሌለ አንዴ ትወጊያለሽ፣ ስትስቢው ግን ቢላው ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ባዶ እንጨት ይዘሽ ትቆሚያለሽ። አባቴን ድብ ጥሎት ደረቱ ላይ ሲቆም አራት ጊዜ ወግቶ ነው የተረፈው። አራት ጊዜ መውጋት የቻለው በዚያች ነቀዝ በበላት ቀዳዳ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ሥዕል ይግዛ። አልሠራም።

ቶኩጂ

* * *

ሳኦ ፓውሎ፣ ግንቦት 14 ቀን 1973

ለተከበሩት ወንድሜ ለቶኩጂ፣

ቁጣዎ ውቅያኖስ አቋርጦ ሲመጣ እንኳን አልቀዘቀዘም፤ ዕድሜና ጉልበት ይጨምርልዎ። ለቶሜ አለቀስኩ። ልጅ ሳለሁ ከወረቀት ውስጥ የፈረሰ ቶፉ እያወጣች በነፃ ታጎርሰኝ ነበር። ኢሳኦን ብቻህን እንዳትወጣ ይበሉልኝ።

እንዳልሰማ ሆኜ እንደገና ብለምንዎ ምን ያደርጉኛል? ወንድሜ፣ የቫልዲር ግድግዳ አያገሳም። የሰው ሆድ አይበላም። እነዚህ ሰዎች ቢላውን ከመስታወት ጀርባ አስቀምጠው እሁድ እሁድ ዘይት እየቀቡ በአድናቆት ከንፈራቸውን የሚመጡ ናቸው። አንዳቸውም ጫካ ይዘውት አይሄዱም። አስራ ሁለቱ የሚያወጡት ዋጋ የኤሌክትሪክ መዶሻ ይገዛል። በዚያ ትከሻ ስንት ዓመት ሊቀጠቅጡ ነው? ኢሳኦ እንደሆነ ልቡ ጫካ ነው፤ መዶሻ እንደማይጨብጥልዎ በራስዎ እጅ ጽፈውልኛል።

ለእኔ ሲሉ አይደለም። ለትከሻዎ ሲሉ ይሥሩ።

ኪኑኤ

* * *

ኦሳዋ፣ ሰኔ 10 ቀን 1973

ለኪኑኤ፣

ደህና ሁኚ፣ ምላስሽም ይባረክ፤ አሸነፍሽኝ። ስድስቱን ጨርሻለሁ። የቀሩት እስከ ነሐሴ መግቢያ ይደርሳሉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ እየወጡ ነው። ቸኩዬ ስለማልሠራ ይሆናል፤ አረብ ብረቱን ከወትሮው ሁለት ጊዜ አብልጬ አጥፌዋለሁ። ከመንደሩ አዳኞች አንዱ በስህተት እንዳያነሳቸው እጀታቸው ላይ ቀይ ክር እያሰርኩ በሌላ ወራጅ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። ቀይ ክር ያለውን ማንም አይነካም ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

ኢሳኦ መሳለቂያ አድርጎኛል። ትናንት በር ላይ ቆሞ፣ «አባዬ፣ ቀዳዳ የሌለው የአደን ቢላ? ምን ሊያድኑበት ነው፣ ትንኝ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ወናፉን ንፋ» አልኩት።

«የለም፣ ልጠይቅ እንጂ። ትንኟ ተቆጥታ ብትመለስባቸውስ?»

ሚዮ በሳቅ ወደቀች። ለካ ያቺ ልጅ ሳቅ ታውቃለች። እኔም ጀርባዬን አዙሬ ሳቅኩ፤ እንዲያዩኝ ግን አልፈለግኩም።

ድቡ አልተገኘም። ባለፈው ማክሰኞ እንጨት ቆራጩን ሺንሳኩን መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሰውዬው በሕይወት አለ፣ ግን አፍንጫና የላይኛው ከንፈር የለውም፤ አንድ ዓይኑም ወጥቷል። በእጁ ፊቱን ደግፎ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ መጣ። ደጃችን ላይ ሲደርስ ሊነግረን ይሞክራል፣ የሚወጣው አረፋና ደም ነው። ፊቱን ጠቅልላ የያዘችው ሚዮ ናት። ጥሩ ልጅ ናት።

የኢሳኦ ቢላ የሺንሳኩን ደም ተከትለው ሲሄዱ ድንጋይ ላይ ተሸርፏል። የአንቺን ስጨርስ እሱን እስላለሁ።

ቶኩጂ

* * *

ሳኦ ፓውሎ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1973

ለተከበሩት ወንድሜ ለቶኩጂ፣

የመኸር አየር ይስማማዎ፣ ሩዙም በሰላም ይግባ። የሐምሌውንም የመስከረሙንም ደብዳቤዬን ሳይመልሱ ቀሩ። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ሳጥኑ ትናንት በመርከብ ሲደርስ ግን ደህና ናቸው ብዬ ተጽናናሁ።

ወንድሜ፣ ምን ልበልዎ! ስንከፍተው ቫልዲር ባርኔጣውን አወለቀ። ውሃ የሚፈስ ነው የሚመስለው ስለቱ ላይ ያለው መስመር። ቀዩን ክር ሁሉ በጥሼ ጣልኩት፤ ሰዎቹ ዕጣ ተጣጣሉ፣ ሊደባደቡም ምንም አልቀራቸው። መደባደባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢላው አስራ አንድ ነው! አስራ ሁለት ተባብለን አልነበረም? መቁጠር አስጠላዎ ወይስ ኢሳኦ አንዱን ለትንኝ አደን ወሰደው? አንዱ ሰው ባዶ እጁን ቀርቶ ያኮርፈኛል። አስራ ሁለተኛውን ቶሎ ይላኩልኝ።

ድቡስ ተገደለ? የኢሳኦን የጢም ፎቶግራፍ እጠብቃለሁ።

ኪኑኤ

* * *

ኦሳዋ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1973

ኪኑኤ፣

አስራ ሁለተኛው በድቡ ሰውነት ውስጥ ነው።

ኢሳኦ ነሐሴ 3 ቀን ሞተ። ድቡ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው የበቆሎ ማሳ ገባ ተብሎ ተጠራ። የራሱ ቢላ ገና አልተሳለም ነበር። ቸኩሎ ካንቺ ወራጅ ላይ ቀይ ክር ያለውን አወረደና ሮጠ። ሁለት ጥይት ተኮሰ፣ ሁለቱም ከትከሻ አላለፉም። ድቡ ወደ ልጆቹ ዞረ። ኢሳኦ ባዶ ጠመንጃውን ጥሎ ዘንግ ቆረጠ፣ ቢላውን ሰካ፣ ፊቱ ቆመ።

አንዴ ወጋ። ቢላው እስከ እጀታው ገባ፣ ሥራዬ ነውና ገባ። ሳበ። እንጨቱ ባዶውን መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን መምህሩ በመስኮት አይቶታል፤ ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝቶ እሱ ብቻ አየ። በመጀመሪያው ጥፊ መንጋጋው ሄደ። ወድቆም ድቡን በእንጨት ይመታው ነበር። ድቡ አንገቱን ይዞ አራገፈው። ሰዎች ሲደርሱ እያነከሰ ሸሸ። ልጄን በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ነው የሰበሰብነው። ምስማሩን ከደሙ ውስጥ አገኘሁት፤ የጥርስ ምልክት ነበረበት። አፉ ውስጥ ነክሶት ነበር፣ የሚመታበት ቀዳዳ እየፈለገ።

ሳጥኑን ፖስታ ቤት የወሰደችው ሚዮ ናት። ከቤት እንዲወጣላት ነው።

አንቺ ነሽ የገደልሽው። ነቀዝ የበላው ይመስላል አልሽ። ግድግዳ አያገሳም አልሽ። ዘይት እየቀባችሁ ከንፈራችሁን ምጠጡ። እኔ በሕይወቴ ቀዳዳ የሌለው የአደን ቢላ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ አንቺ አሠራሽኝ፣ ልጄንም በላሽ። ከንግዲህ ወንድሜ አትበይኝ።

አስራ አንዱን መልሺ። አንድ እንዳይቀር።

ቶኩጂ ያማዳቴ

* * *

ሳኦ ፓውሎ፣ ኅዳር 12 ቀን 1973

ለተከበሩት ለቶኩጂ ያማዳቴ፣

ወንድሜ አትበይኝ ስላሉ አልልም። ደብዳቤዎን ማዕድ ቤት ቆሜ አነበብኩት፤ ድስቱ አርሮ ጎረቤት በር እስኪደበድብ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ለትንኝ አደን ወሰደው ወይ ብዬ ጽፌ ነበር። እጄ ይቆረጥ። ያን ስጽፍ ኢሳኦ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ስሄድ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ጣቢያው ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኝቶኛል፤ «አክስቴ፣ እዚያ አገር ድብ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም ስለው አዘነልኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የሚያጽናና ቃል የለኝም፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ቢላዎቹን እመልሳለሁ።

ኪኑኤ

* * *

ኦሳዋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1973

ኪኑኤ፣

ልቅሶሽ ምን ይሠራልኛል? ቢላዎቹ የታሉ? በየቀኑ ስምሽን እየጠራሁ ነው የምነቃው። ምግብሽ አፈር ይሁን። የልጄን ስም ደግመሽ እንዳትጽፊ፣ በአፍሽም እንዳትጠሪው።

ድቡ ዋሻ ገብቷል። በረዶው ሲጠነክር አዳኞቹ ሊወጡ ነው፣ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ሽማግሌ ነህ አሉኝ። የራሴን ቢላ ለማምጣት ነው የምሄደው አልኳቸው።

ቶኩጂ

* * *

ሳኦ ፓውሎ፣ ጥር 17 ቀን 1974

ለተከበሩት ለቶኩጂ ያማዳቴ፣

ከተራራ በሰላም ይመለሱ። ከዚህ የሚቀድም ምኞት የለኝም።

አስሩን ሰብስቤያለሁ። አንዳንዶቹ ታሪኩን ስነግራቸው ከግድግዳ አውርደው ሰጡኝ። አንዱ የጥርስ ሐኪም ግን ታሪኩን ከሰማ በኋላ ቢላውን ይበልጥ ወደደው። እጥፍ ልክፈልሽና የድቡን ፎቶግራፍ አምጪልኝ አለ። በጥፊ መታሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በሕይወቴ ሰው በጥፊ ስመታ የመጀመሪያዬ ነው። መነጽሩ ተሰበረ፣ ቢላውን ይዤ ወጣሁ።

አስራ አንደኛው የቫልዲር ነው። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጨረሻ እንግዶች ጋብዞ ጥብስ ሲያበላ ደረስኩበት። «አንቺ ሴትዮ፣ የሸጥሽውን ዕቃ ትለምኛለሽ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። መስታወቱን በወንበር ሰበርኩት። ቢላውን ሳነሳ እጀታውን እሱ ቀድሞ ያዘ፣ እኔ ስለቱን ያዝኩ።

«ልቀቂ፣ ትቆረጫለሽ!» አለኝ።

«አንተ ልቀቅ!» አልኩት።

አልለቅም አልኩ። ሳበው። የእርስዎ ሥራ ነውና እስከ አጥንት ድረስ ምንም አልተሰማኝም። ነጭ ምንጣፉ ላይ ደሙ እንደ ቧንቧ ሲወርድ ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዷ ወደቀች። ቫልዲር እጀታውን ጥሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ቢላ በየእሁዱ የሚያሻሽ ሰው ቢላ ምን እንደሚሠራ አይቶ አያውቅም ነበር። ቢላውን በቀሚሴ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሐኪሙ የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ከንግዲህ አይታጠፉም ብሎኛል። በግራ እጄ መክተፍ እየተማርኩ ነው፤ ይህንንም የጻፍኩት በግራ ነው፣ ፊደሌን ይቅር ይበሉ።

አስራ አንዱም በዚህ ሳምንት መርከብ ተጭነዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይጻፉልኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ኪኑኤ

* * *

ኦሳዋ፣ የካቲት 11 ቀን 1974

እህቴ ኪኑኤ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ፊደልሽ የሕፃን ፊደል ይመስላል። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም።

ድቡን ጥር 29 ቀን አገኘነው። ከሥሩ በተገለበጠ የዝግባ ግንድ ሥር ነበር ዋሻው። ጭስ አገባንበት፤ እያገሳ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ተኮሱ፣ አሁንም መጣ። ወደ እኔ ነበር የመጣው። ጦሬን መሬት ላይ ተክዬ በጉልበቴ ያዝኩት፣ እሱ ራሱ ገባበት። አፉ ፊቴ ላይ ደረሰ፣ ትንፋሹ ሞቃት ነበር። ነቅዬ ወጋሁ፣ ነቅዬ ወጋሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ሞቷል እያሉ ከላዩ ላይ ጎትተው አነሱኝ። ሁለት የጎድን አጥንቶቼ ተሰብረዋል፣ ጆሮዬም ተቀዷል።

ሲበለት ቢላው ትከሻው ውስጥ ነበር። ሥጋው ዙሪያውን ድኖ ሸፍኖታል። ስለቱ አንዲት ነጠብጣብ ዝገት የለውም። አዳኞቹ እየተቀባበሉ አዩት፣ «ቶኩጂ፣ እንዲህ ያለ ሠርተህ አታውቅም» አሉኝ።

እጀታው ላይ ቀይ ክር አልነበረም። ደሙ ውስጥ በስብሶ አይደለም፤ መጀመሪያም አልታሰረበትም። በዚያ ጠዋት ነው ጨርሼው የነበረው፤ ገና እጄ ላይ ነበር። ኢሳኦ እየሮጠ ገባ።

«አባዬ፣ ቢላዬ!»

«አልተሳለም» አልኩት። «እንካ ይሄን፤ ካንተ ይሻላል።»

ደስ ብሎኝ ነበር ኪኑኤ። ከሠራሁት ሁሉ ምርጡ ነበር፣ ልጄ ይዞት እንዲወጣ፣ ሰው እንዲያይለት ፈለግኩ። ዓርባ ዓመት ሙሉ የአደን ቢላ ስጨርስ የመጨረሻው ሥራዬ ቀዳዳውን መብሳት ነው። ስለዚህ ያለቀ ቢላ ስይዝ እጄ ቢላው ቀዳዳ አለው ብሎ ያምናል፣ ዓይኔ አያይም። እሱ ግን ሊያይ ወደ ብርሃን አነሳው።

«አባዬ፣ ቀዳዳው ተበስቷል?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት ልንገርሽ። «ዓርባ ዓመት የቀጠቀጥኩትን አንተ ልታስተምረኝ ነው? ሂድ!» አልኩት። አፈረ። ሳያይ ሰገባው ውስጥ ከትቶ ሮጠ። ልጄ ያመነኝ ቃሌን ነው። በቆሎው ውስጥ ቆሞ፣ ድቡ እየመጣ፣ ምስማሩን በጥርሱ ይዞ እጀታውን በጣቱ ሲዳስስ፣ አባቴ ቀዳዳው ተበስቷል ብሎኛል እያለ ነበር የሚፈልገው።

ቀይ ክር ነበረው ብዬ ዋሸሁሽ። በዚያ ውሸት አንቺ እጅሽን አጣሽ። በምን ቃል ይቅርታ ይጠየቃል? እኔ አላውቅም። እሳቱን አጥፍቻለሁ። ቢላዎቹ ሲደርሱ ለሚዮ ትቼላት፣ የሚቀረኝን ሥራ ጨርሼ፣ እኔም እሄዳለሁ።

ቶኩጂ

* * *

ሳኦ ፓውሎ፣ መጋቢት 1 ቀን 1974

ወንድሜ ቶኩጂ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ።

አውቅ ነበር። የኅዳሩን ስጽፍልዎ አላውቅም ነበር፤ በሳምንቱ የሚዮ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ አይደለች? የጥቅምቱን ከፍታ አንብባዋለች። በዚያ ጠዋት በር ላይ ቆማ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምታለች። አንዷን ቃል ሳታስቀር ጻፈችልኝ። እንዲህም አለች፦ «አባባ ጠዋት ጠዋት ከወናፉ በላይ ባለው ወራጅ ላይ ገመድ እያሰሩ ይፈታሉ። ገመዱን ጥለው የሚቀመጡት ለእርስዎ የስድብ ደብዳቤ ሲያረቁ ብቻ ነው። ስድብ ካለቀባቸው ምን እንደሚያደርጉ ፈራሁ። እባክዎ አክስቴ፣ ይሰደቡልኝ።»

እኔም ተሰደብኩላት። ታኅሣሥ ላይ ምግብሽ አፈር ይሁን ሲሉኝ፣ ዛሬም በሕይወት አሉ ብዬ ጎረቤቶቼን ምሳ ጋበዝኩ።

እጄን እርስዎ አላስቆረጡትም። ቫልዲር ቤት የሄድኩት ከሚዮ ደብዳቤ በኋላ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ጠንቅቄ አውቄ ነው የሄድኩት። ቀዳዳው ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። እምቢ ሲሉኝ ያባበልኩዎ እኔ ነኝ። ይህ የእርስዎ ውሸት አይደለም። ስለዚህ የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው። ግማሹን ይውሰዱ፤ ሁሉንም ግን አልሰጥዎትም፣ ብቻዎን ይዘውት እንዲሄዱ አልፈቅድም።

ያቺ ልጅ ባሏ ሞቶባት፣ በገደለው አማቷ ቤት ውስጥ ሰባት ወር ሙሉ ሩዝ እየቀቀለች ያቀረበችልዎ ለምን ይመስልዎታል? አንድ ቀን ነገሩን አንስታብዎ ታውቃለች? ከርስዎ በቀር በዚያ አገር ኢሳኦን የሚያስታውስላት የቅርብ ሰው የላትም። ሲሄዱባት ደግሞ ማን ይሰበስብዎታል? እሷ! ሁለተኛ ጊዜ በጨርቅ! ያንን ሊያደርጉባት ነው?

ምግብ ቤቱን ለአንድ ዘመዳችን አስረከብኩ። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ፣ ሚያዝያ 9 ቀን አኪታ ደርሼ ወደ ኦሳዋ እመጣለሁ። ሊሰድቡኝ የቀረዎ ካለ ፊቴ ቆመው ይስደቡኝ፤ እኔም የምመልሰው ብዙ አለኝ፣ በአፌ እንጂ በጽሑፍ የማይሆን። ከዚያ በኋላ አብረን እናለቅሳለን።

እስከዚያ ግን እንዳይሞቱብኝ።

ኪኑኤ